«ልቤን ያፍነኛል» ላለ ሰው መልሱ ምንድን ነው?

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የቆየና የተከበረ ነው፤ እኔም ልነቅፈው አልነሣሁም። ዳሩ ግን ጥፋቱን ሁሉ በሕመምተኛው ትከሻ ላይ ጥሎ ሐኪሙን በነፃ የሚያሰናብት ፍርድ ሆኖ ይታየኛል። በሽታውን ሳይደብቅ፤ አፉን ከፍቶ፤ በሚያውቀው ቋንቋ ተናግሮ ሳለ ሰሚ ያጣውን ሰውስ ምን እንበለው? በጤና ጣቢያዎቻችን ስለ አእምሮ ሕመም የሚደረገው ንግግር ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሕመምተኛው ይናገራል፤ የሚናገረው ግን ባለሞያው በተማሪ ቤት በተማረው ቃል አይደለም።

እስቲ አንባቢ ሆይ፤ ልብ ብለህ አድምጥ። ያገራችን ሰው ሲከፋው «የመንፈስ ጭንቀት ይዞኛል» ብሎ ወደ ጤና ጣቢያ አይሄድም። የሚለው «ልቤን ያፍነኛል፤ ራሴን ይፈልጠኛል፤ ሆዴን ባር ባር ይለኛል፤ እንቅልፍ በዐይኔ አይዞርም፤ በሰውነቴ ላይ እንደ ጉንዳን ይሄድብኛል» ነው። አንዱ «ጨጓራዬን ነው» ይላል፤ ሌላው «ብርድ መቶኝ ነው»፤ ጥቂት ከተማ ቀመስ የሆነው ደግሞ «ነርቭ ሳይሆን አይቀርም» ይላል። ይህን የሚለው ሊያታልል ፈልጎ ወይም አላዋቂ ሆኖ አይደለም። አማርኛችን ሐዘንንና ጭንቀትን የሚያኖራቸው በራስ ቅል ውስጥ ሳይሆን በሆድና በልብ ውስጥ ነው። ሆድ ይብሳል፤ ሆድ ይባባል፤ ልብ ይሰበራል፤ አንጀት ያርራል። በዚህ ቋንቋ ያደገ ሰው ሐዘኑን በሆዱ ቢያመለክት ትክክለኛውን አድራሻ መስጠቱ ነው። ከዚህም በቀር ሰውነቱ በእርግጥ ያመዋል። በመንፈስ ጭንቀት የተያዘ ሰው እንቅልፉ ይጠፋል፤ ምግብ ይዘጋዋል፤ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ይህም በሕክምና መጻሕፍት ከምልክቶቹ ተራ የተቆጠረ ነው። እንግዲህ ሕመምተኛው ግማሹን ነግሯል ማለት ነው። የቀረውን ግማሽ ማውጣት የጠያቂው ድርሻ ነው።

የሕክምና ሰዎች በቅርብ ዘመን «ድባቴ» የሚል ቃል አምጥተዋል። ማለፊያ ቃል ነው፤ «ደበተኝ» ከሚለው ከሕዝቡ አፍ የተወለደ ነውና። ይሁን እንጂ በራዲዮና በጋዜጣ የምንሰማው ይህ ቃል ገና ገበያ ድረስ አልወረደም። አንድን ገበሬ «ድባቴ አለብዎት» ብሎ ማሰናበት፤ ነገሩን ካላስረዱት በቀር፤ በእንግሊዝኛ ከመናገር ብዙ አይለይም።

ባለፈው ክረምት የሠፈራችንን አንዲት እናት አጅቤ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ እንዲህ ያለው ነገር በአንዱ ብቻ የሚደርስ አይደለምና። ተራችን ሲደርስ የገባንበት ክፍል ሁለት ጠረጴዛ ያለው ነበር፤ በዚያኛው ጠረጴዛ አንድ ጎልማሳ ሸሚዙን ገልጦ ይመረመራል፤ በሩም ወለል ብሎ ተከፍቷል። ነርሷ በዕድሜ የእኔ እኩያ ትሆናለች።

«ማዘር፤ ምንሽን ነው ያመመሽ?»

«ልቤን ያፍነኛል ልጄ፤ ሌሊትም እንቅልፍ የለኝም።»

«ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ልጄ ከሄደ ወዲህ ነው።»

«እሱን አይደለም፤ ስንት ሳምንት፤ ስንት ወር?»

«ሰባት ወር ይሆነዋል።»

«ሳል አለሽ? ያስመልስሻል?»

ልጃቸው በጅቡቲ በኩል ወደ ዐረብ አገር እሻገራለሁ ብሎ ከወጣ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ይህን ሠፈሩ ሁሉ ያውቃል። «ልጄ ከሄደ ወዲህ» ያሉት ለቀን ቆጠራ ብቻ አልነበረም፤ በሩን ራሳቸው ከፍተው መስጠታቸው ነበር። «ወዴት ሄደ?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢከተል ኖሮ የቀረው ሁሉ በመጣ ነበር። ነርሷ ያልጠየቀችው ክፉ ስለ ሆነች አይደለም፤ ደጁ ላይ የተሰለፈው ሰው ብዙ ነው፤ ከፊቷ ያለው ወረቀትም የሕመሙን የቆይታ ጊዜ ይጠይቃል እንጂ ስለ ጠፋ ልጅ የሚጻፍበት ሥፍራ የለውም። የጨጓራ ክኒን ተጽፎላቸው ተመለስን። በዚያ ዓመት የጨጓራ ክኒን ሲጻፍላቸው ያ አራተኛው ጊዜ ነበር።

ስለ «ማዘር» እና ስለ «አንቺ»ም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። «እማማ» እና «እትዬ» ያለው ቋንቋ «ማዘር»ን መበደር ለምን እንዳስፈለገው ለእኔ አይገባኝም። ነገሩ ግን የአነጋገር ማሳመር ብቻ አይደለም። በመንደር ውስጥ «አንቺ» የፍቅር ቃል ሊሆን ይችላል፤ ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ትእዛዝ ይመስላል። ታዝዞ የተቀመጠ ሰው የተጠየቀውን ብቻ መልሶ ይወጣል። «እርስዎ» ተብሎ፤ ወንበር ተስቦለት፤ ስሙ ተጠርቶ የተጠየቀ ሰው ግን በልቡ የያዘውን ለማውጣት ይደፍራል። ይህ ደግሞ ከመንግሥት በጀት አንድ ሳንቲም አይፈልግም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲነሣ መጀመሪያ የሚሰጠው መልስ «ጊዜ የለንም» የሚል ነው። መልሱ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ከማለዳ ጀምሮ የተሰለፈውን ሕዝብ ያየ ሰው አይስተውም። ይሁን እንጂ ጊዜውን የለኩ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ74 ሕመምተኞችና በሐኪሞቻቸው መካከል የተደረገውን ንግግር በቴፕ ቀድተው ሲያደምጡ፤ ሐኪሞቹ የሕመምተኛውን የመጀመሪያ ንግግር በአማካይ በ18ኛው ሰኮንድ ላይ ያቋርጡት እንደ ነበር አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ሐኪሞቹ ሳያቋርጡ እንዲያዳምጡ ተደርጎ የ335 ሕመምተኞች ጊዜ ተለክቶ ታተመ፤ አማካዩ 92 ሰኮንድ ሆነ፤ ከዐሥሩ ስምንት የሚሆኑትም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሐሳባቸውን ጨርሰው ዝም አሉ። እርግጥ ባዝል ቡታጅራ አይደለችም። የእኛ ሰው ነገርን ከሥሩ ጀምሮ ማውጋት ይወዳልና ሁለት ደቂቃ ላይበቃው ይችላል፤ እንግዲያውስ አራት ይሁን። አራት ደቂቃ ማድመጥና አንዲትን እናት በዓመት አራት ጊዜ በሰልፍ ላይ ማቆም ቢመዛዘኑ ጊዜ የሚያባክነው የትኛው እንደ ሆነ ለመረዳት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያሻም።

ሁለተኛው መልስ «የአእምሮ ነገር የስፔሻሊስት ሥራ ነው» የሚል ነው። ለብዙ ዘመን እንዲህ ነበር። አዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ለአሠርተ ዓመታት ያገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ሲቆይ፤ ከጠረፍ አገር ሕመምተኛ ይዞ የሚመጣ ቤተ ሰብ ከብቱን ሸጦ ለቀናት ይጓዝ ነበር። የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ባገር ውስጥ ማሠልጠን እንኳ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ነገር ግን የዚህ አገር ሕክምና ከጥንትም የቆመው በስፔሻሊስት ላይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን ማስመረቅ የጀመረው ሐኪም እስኪበዛ ድረስ ሕዝቡ ዝም ብሎ አይጠብቅም በሚል ብርቱ ሐሳብ ነው። ለአእምሮ ሕመምም ይኸው ሐሳብ ሠርቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ስፔሻሊስት ያልሆኑ የጤና ሠራተኞች የአእምሮ ሕመምን ለይተው እንዲያክሙ የሚያሠለጥን መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2008 አወጣ። በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ ደግሞ በጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ሠልጥነው ሥራው ተሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የዚያ አካባቢ ጥናት እንዳሳየው ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በጤና ጣቢያ ያገኙት ክትትል በአእምሮ ሕክምና ነርስ ከሚሰጠው ያነሰ አልነበረም። እንግዲህ የጤና ጣቢያ ነርስ አትችልም የሚለው ክርክር እዚሁ በገዛ አገራችን ውድቅ ሆኗል።

የሚያስገርመው ግን ይህ ነው። የዚያው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ሁለተኛ እትሙ ገና ስለ በሽታዎቹ ከመናገሩ በፊት ስለ አነጋገር ይናገራል፤ ሰውን በተሰወረ ሥፍራ አነጋግሩ፤ አድምጡ፤ አትፍረዱ፤ በሚገባው ቃል አስረዱ ይላል። እንደሚመስለኝ ብዙው ሠልጣኝ እነዚያን ገጾች እንደ መግቢያ ስብከት ቆጥሮ ዘልሎ ወደ መድኃኒቱ ሰንጠረዥ ይሄዳል። ለፈተና የሚመጣው የመድኃኒቱ መጠን ነዋ!

በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉት የአእምሮ ሐኪም አሮጊቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ በአግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡ፤ ሕመምተኛውም ከጎናቸው ተቀምጦ ይነግራቸዋል። አሮጊቶቹ የባዕድ የበሽታ ስም አይጠሩም፤ በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ»፤ ማለትም «ሐሳብ መብዛት»፤ በሚለው በሕዝቡ ቃል ይነጋገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት በዚህ መንገድ የተረዱት ሰዎች የተለመደውን እርዳታ ብቻ ካገኙት ይልቅ ሕመማቸው በእጅጉ እንደ ቀነሰ አሳየ። «ሐሳብ በዛብኝ» የሚለው ቃል ከእኛ ዘንድ ጠፍቶ ይሆን? በየቡናው ላይ የምንሰማው አይደለም ወይ?

እኛ በአንጻሩ የተያዝነው በወረቀት ነው። ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት፤ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ» እያለ የሚጠይቅ የታወቀ መጠይቅ አለ። ወደ አማርኛም ተመልሶ ተፈትኗል፤ ጥቅሙን አልክድም። ነገር ግን እንደ ሕዝብ ቆጣሪ ከወረቀቱ ላይ ዐይንን ሳያነሡ ካነበቡት መልሱም እንደ ሕዝብ ቆጠራ መልስ ይሆናል፤ «የለም፤ የለም፤ ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን»። ያገራችን ሰው ደኅንነቱን ለጠየቀው ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ልማዱ ነው፤ አልጋ ላይ ወድቆም ይህንኑ ይላል። ስለዚህ ከምስጋናው በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ ያስፈልጋል። «ይህ ነገር ከጀመረዎ ወዲህ በቤትዎ ምን ደርሷል?» ብሎ ጠይቆ ጥቂት ዝም ማለት ከዘጠኙ ጥያቄዎች የበለጠ የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ከሁሉ የሚፈራው ጥያቄ የሞት ጥያቄ ነው። ብዙ ባለሞያዎች ሕመምተኛውን «ራስዎን ስለ ማጥፋት አስበው ያውቃሉ ወይ?» ብለው ቢጠይቁት ያላሰበውን ያሳሰቡት ስለሚመስላቸው ይተዉታል። በዚህ ነገር ላይ የተደረጉት ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ ግን ጥያቄው እንዲህ ያለውን ሐሳብ እንደማያባብስ ተረጋግጧል። በእኛ ዘንድ ሌላ ችግርም አለ። አማርኛ ሞትን እንደ ቀላል ነገር የሚጠራ ቋንቋ ነው። «ምነው በሞትኩ»፤ «ፈጣሪ በወሰደኝና በተገላገልኩ» የሚሉት ቃላት የሰለቸው ሰው ሁሉ የሚያወጣቸው ናቸው። በዚህ ምክንያት ከልቡ የሚለውንም ሰው እንደ ልማደኛው ቈጥረን «ተው እንጂ፤ እንዲህ አይባልም» ብለን እንገሥጸዋለን። ተግሣጹ የሚዘጋው አፉን ነው፤ ሐሳቡ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ባለሞያው ጸሎትን ከዕቅድ መለየት አለበት፤ «ፈጣሪ ይውሰደኝ ከማለት አልፎ ራስዎን ለመጉዳት ያሰቡበት ጊዜ አለ ወይ? እንዴትስ አድርገው?» ብሎ ቃሉን ሳይሸፍን መጠየቅ አለበት። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ለዚህም ነው በሩ በተከፈተ ክፍል፤ ጎረቤት እየሰማ ሊጠየቅ የማይቻለው።

ሕመሙ ታውቆ መድኃኒት ከተጻፈም በኋላ ንግግሩ አያልቅም። ለመንፈስ ጭንቀት የሚሰጡት እንደ አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉት መድኃኒቶች ጥቅማቸው የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ እንደ አፍ መድረቅ፤ እንደ መፍዘዝ፤ እንደ ማቅለሽለሽ ያለው ጣጣቸው ግን ቀድሞ ይመጣል። ይህ ያልተነገረው ሰው በሳምንቱ «ጭራሽ አባሰብኝ» ብሎ ክኒኑን ቢጥል ማን ይፈርድበታል? የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ፌኖባርቢታልን በድንገት ቢያቋርጥ ብርቱ መንዘፍዘፍ ሊነሣበትና ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ይህን ማስረዳት የአንድ ደቂቃ ቃል ነው። የሚነገረውም ለማን እንደ ሆነ ልብ ይሏል። ብዙ ጊዜ ባለሞያው የሚያነጋግረው ሕመምተኛውን ይዞ የመጣውን ዘመድ ነው፤ «ጠዋትና ማታ ስጡት፤ ይበላል? ይተኛል?» ይላል፤ ሰውዬው ከፊቱ ተቀምጦ ሳለ ስለሌለ ሰው እንደሚወራ ይወራበታል። ዘመድ ያስፈልጋል፤ ያለ ዘመድ በእኛ አገር ሕክምና የለም። ዳሩ ግን መጀመሪያ ባለቤቱ፤ ቀጥሎም በፈቃዱ ዘመዱ መነገር አለበት።

ጠበልም አለ። ሕመምተኛው «ጠበል እየተጠመቅሁ መድኃኒቱን ልውሰድ ወይ?» የሚል ጥያቄ በልቡ ይዞ ይመጣል፤ አይጠይቅም፤ ስድብ ይፈራልና። ባለሞያው «ጠበል ምን ያደርጋል?» ያለው ዕለት ሕመምተኛው ከሁለቱ አንዱን መርጦ ይሄዳል፤ የሚመርጠውም የባለሞያውን አይሆንም። በእንጦጦ ማርያም የአእምሮ ሐኪሞችና ካህናት ተስማምተው ሕመምተኛው ጠበሉን ሳይተው መድኃኒቱንም እንዲወስድ የሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 በጥናት ታትሟል። ሁለቱ ሊጣሉ ግድ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይፈለግም። ጥያቄውን ግን ባለሞያው ቀድሞ ማንሣት አለበት፤ «ጠበል ይጠመቃሉ ወይ? ዱዓ ያስደርጋሉ ወይ? መልካም፤ መድኃኒቱን ግን እንዳያቋርጡ»።

እስካሁን የተናገርሁት ሰውነቱን ጠርቶ መንፈሱን ስላልተጠየቀው ሰው ነው። ተገላቢጦሹ የባሰ ነው። በቡታጅራ አካባቢ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች 10 ዓመት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሞ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ 30 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ አሳየ። ከገደሏቸውም ነገሮች ትልቁን ድርሻ የያዘው ተላላፊ በሽታ ነው፤ ይኸውም የጤና ጣቢያ የዘወትር ሥራ የሆነው በሽታ! ድህነትና ረኃብ የራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው አያከራክርም። ነገር ግን አንድ ጊዜ «እብድ» የተባለ ሰው «ያስለኛል፤ ላብ ያጠምቀኛል» ቢል ማን ቃሉን በቁም ነገር ይሰማዋል? ጤነኛ የተባለውን ሰው ሰውነቱን ብቻ እንሰማዋለን፤ እብድ የተባለውን ደግሞ ሰውነቱንም አንሰማውም። ካርዱ ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ጆሯችንን ይደፍነዋል።

በየጽሕፈት ቤቱ ያላችሁ ወጣት ሹማምንት ሆይ፤ ይህ የነርሷ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነርሷ የምትሠራው በምትጠየቅበት ነገር ነው። በወሩ መጨረሻ የምትልኩላት ቅጽ ስንት ሰው እንዳየች ብቻ ከጠየቀ፤ ስንት ሰው እንዳየች ትነግራችኋለች። ለአንድ ሕመም አራት ጊዜ የተመላለሰ ሰው ሲገኝ ወደ አንድ በሩ የሚዘጋ ክፍል ይግባ የሚል ትእዛዝ መጻፍ ምን ያስቸግራል? አዲስ ሕንፃ ይሠራ አላልሁም፤ ከመዝገብ ቤቱ ወይም ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አንዲት ጠባብ ክፍል በሳምንት ሁለት ቀን ብትለቀቅ ይበቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ከማንም ቀድመው ቤቱን ያውቁታል፤ ማን ከቤት መውጣት እንደ ተወ፤ ማን በጓሮ ታስሮ እንደሚኖር ይነግሯችኋል፤ ብትጠይቋቸው።

የቋንቋው ነገር ደግሞ አለ። ባለሞያው ቋንቋውን ወደማያውቀው ወረዳ ሲመደብ አስተርጓሚው አብዛኛውን ጊዜ ዘበኛው ወይም የጽዳት ሠራተኛዋ ነች። ለወባና ለሳል ይህ በግድ ይበቃ ይሆናል። የጎረቤቷ ዘበኛ እያስተረጎመላት በልቧ ያለውን የሞት ሐሳብ የምታወጣ ሴት ግን አትኖርም። ስለዚህ ዘንድሮ ከነርስ ተማሪ ቤትና ከጤና ሳይንስ ኮሌጅ የምትመረቁት፤ ወዴት እንደምትሄዱ ባወቃችሁበት ሳምንት አራት ጥያቄዎችን በዚያ አገር ቋንቋ በቃላችሁ አጥኑ፤ እንቅልፍዎ እንዴት ነው? በቤትዎ ምን ደርሷል? ልብዎን ያስጨነቀው ምንድን ነው? ለማንስ ነገሩት? መልሱን ሁሉ ባትረዱት እንኳ የሚያስተረጉም ሰው ከዘመዶቿ መካከል ራሷ ሕመምተኛዋ እንድትመርጥ ጊዜ ታገኛላችሁ። ጥያቄዎቹ በኦሮምኛም ሆነ በሲዳምኛ ወይም በሶማልኛ ከአንድ ምሽት በላይ አይፈጁም፤ አስተማሪውም በመኝታ ቤታችሁ ከላይኛው አልጋ ላይ የሚተኛው ጓደኛችሁ ሊሆን ይችላል።